በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ

ከለገጣፎ ወዲያ፣ ድንጋይ ከሚፈለጥበት፣
አስፋልቱ ደክሞት ቆሞ ኮረኮንች ከተተካበት፣
የቆርቆሮ ቤት አለኝ፤ ለሁለት የተከፈለ፣
ለነሱ ሙቁ ክፍል፣ ለኔ ብርዱ የታደለ።

ሃያ ስምንት ዓመት ስልክ ሳገናኝ ኖሬ፣
የሰውን ድምፅ ለሰው በሽቦ አሻግሬ፣
ጡረታ ስወጣ ጭር አለ ጆሮዬ።
ያኔ ነው የመጣው የመጀመሪያው እንግዳዬ፤
በቢራ ሳጥን ታሽጎ፣ በባጃጅ ተጭኖ፣
ላባውን በገዛ አፉ ነጭቶ፣ ደረቱ ራቁት ሆኖ።
«ውሰጂው እትዬ፣ ሆቴሉ ተሸጧል፤
አዲሱ ባለቤት ‹ዓሣ ዝም ይላል› ብሏል።»
ሳምንቱን በሙሉ «እንኳን ደህና መጡ!» እያለኝ
በገዛ ቤቴ ውስጥ እንግዳ አስመሰለኝ።

አረንጓዴዋ ደግሞ፣ ፈረንጆቹ አገር ሲቀይሩ
ሶፋውን ሸጡና እሷን ለዘበኛ ወረወሩ።
በማላውቀው ቋንቋ ማታ ማታ ትለምናለች፤
ምን እንደሆነ እንጃ።
ውሃ ስሰጣት ዝም ትላለች።

ጠዋት የሱፍ ፍሬ እለቅማለሁ፣ ካሮት እፍቃለሁ፣
ጎመን በሽቦው ላይ እንደ ልብስ አሰጣለሁ።
ሐኪሙ የከብት ነው፤ ክንፍ ሲያይ ይደነግጣል፤
«እትዬ እታፈራሁ፣ ላም ቢሆን አውቅ ነበር» ይላል።
የጎረቤት ልጅ፣ ኦብሳ፣ ካፉ ነጥቆ
ግማሽ አቮካዶ አመጣላቸው፣ በሹራቡ ደብቆ።
«መርዛቸው ነው» ስለው ዓይኑ ዕንባ አቀረረ፤
በማንኪያ ተካፍለን በላን፤ ልጣጩን እሱ ጓሮ ቀበረ።

ግራጫው የመምህር ዘገየ ነበር።
አርባቸው በወጣ ማግሥት ልጃቸው ምንታምር
የሽቦ ቤቱን በጥቁር ነጠላ ሸፍና ይዛ መጣች።
«መስማት አቃተኝ» አለች፤ ሌላ ምንም አላለች፤
ቁልፉን በእጄ ጭብጥ አድርጋ ታክሲ ልትይዝ ሮጠች።

በዚያው ሌሊት ገባኝ። መብራት ጠፍቶ በቤቱ
የሰው ሳል ሰማሁ፤ የቆየ፣ የደረቱ።
ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በሽማግሌ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣
«ምንታምር፣ በሩን ዝጊው፤ ብርድ ገባ።»
ተነስቼ ሄድኩ ልዘጋ፣ ዝግ የነበረውን በር፤
ሆዴ ባባ።

በቀቀን ስልሳ ዓመት ይኖራል ይላሉ። እኔ ስልሳ አራት ነኝ።
ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ።
ዕድራችን ድንኳን እንጂ ወፍ አይረከብም፤
ጠይቄያለሁ። ሊቀመንበሩ ሳቁ።
እኔ አልሳቅሁም።

ባለፈው እሑድ፣ ሐምሌ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ምንታምር መጣች፤ ካልሲዋ ጭቃ፣ ፀጉሯ ዝናብ።
ከደጃፉ ቆመች። «አሁንም ያወራል?» አለች።
«ሲፈልግ።»
ጃንጥላዋን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች።
እሱ ባንድ ዓይኑ አያት፤ ዞረና በሌላው አያት፤
የሱፍ ልጣጭ ተፋ። ሌላ ፈለጠ። ምንም አላላት።
አውቀዋለሁ፣ ከስልክ ቤት፣ እንዲህ ያለውን ዝምታ፤
መስመሩ ክፍት ሆኖ «ሃሎ» ባይ የሚጠፋበት ላንድ አፍታ።

ከዚያ ሳለ።
ጉሮሮውን ጠረገ።
«ምንታምር።»
ጃንጥላው ከእጇ ወደቀ።
«በሩን ዝጊው፤ ብርድ ገባ።»

አርባ ዓመት የሞላት ሴት፣ ባለ ትዳር፣ የባንክ ሠራተኛ፣
«እሺ፣ አባባ»
አለችና በሩን ዘጋች።
ከውስጥ በኩል።

የሆቴሉ ወፍ ይኼኔ፣ ያ ራቁት ደረት፣ ከጥጉ፣
«እንኳን ደህና መጡ!» አለ፤ ሳይጠሩት፣ እንደ ልማዱ።
ሳቀች፤ ወይም አለቀሰች፤ መብራት ስላልነበር አላየሁም።
ካሮቱንና ቢላዋውን አቀበልኳት።
«ደነዝ ነው» አለች።
«አውቃለሁ» አልኳት።